የጎረቤት መታሰቢያ ዕዳ ነውን?

ሰው ዘመዱ ሲሞትበት አልቅሶ ይቀብራል፤ በሠልስቱ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ እያሰበ ስሙን በጸሎት ያስጠራል፤ መቃብሩንም አረም እንዳይውጠው ይጠብቃል። ይህ ልጅ ለአባቱ፣ ወንድምም ለወንድሙ ያለበት ዕዳ እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከዚህ የጠለቀ አንድ ጥያቄ አለ። ልጆቹም፣ ወንድሞቹም፣ የሚያለቅሱለትም ሁሉ ከርሱ ጋር አብረው የጠፉበትን ሰው ማን ያስበዋል? ዘመድ የሌለውን ሰው መታሰቢያውን የሚወርስ ማን ነው? ጎረቤቱ ነውን? ጎረቤቱስ ካጠፉት ወይም ዝም ብለው ካዩት ሰዎች አንዱ የነበረ እንደ ሆነ፣ የዚያ ጎረቤት ልጅና የልጅ ልጅ ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

ይህ ጥያቄ በሐሳብ ብቻ የሚመረመር አይደለም። በጀርመን አገር ባሉት በብዙዎቹ ታናናሽ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች በደጃቸው ያገኙት ጥያቄ ነው። በነዚያ ከተሞች አይሁድ ለብዙ ትውልድ ኖረው ነበር፤ ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፉ። የቀረው የመቃብር ድንጋይ፣ የሰፈር ስም፣ በመዝገብ የተጻፈ ፊርማ ነው። ስለዚህ ነገሩን በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ አንዲቱን ከተማ ወስደን ልንመለከት ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ከተማዪቱ ላውፕሃይም ትባላለች። በደቡብ ጀርመን ከኡልም ከተማ በስተ ደቡብ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው ካቶሊካውያን ነበሩ። በ1724 የአገሩ ባላባቶች ጥቂት የአይሁድ ቤተ ሰቦች እንዲሰፍሩባት ፈቀዱ። ፈቃዱ ግን እንዲያው የተሰጠ አልነበረም፤ አይሁድ ለባላባቱ የጥበቃ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። በዚያ ዘመን በአብዛኛው የጀርመን ክፍል እርሻና የእጅ ሥራ ተከልክሎባቸው ስለ ነበረ፣ ከብት በመነገድና ዕቃ ተሸክሞ በየመንደሩ በመዞር ይተዳደሩ ነበር። የሰፈሩበትም ቦታ የአይሁድ ኮረብታ ተባለ። በአጠገቡ መቃብራቸውን አበጁ፤ በ1822ም ምኵራብ ሠሩ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ኑሯቸው ተለወጠ። ላውፕሃይም በምትገኝበት በቩርተምበርግ መንግሥት በ1864 አይሁድ ከሌላው ዜጋ ጋር በሕግ ትክክል ሆኑ። በ1869 በከተማዪቱ የሚኖሩት አይሁድ ቍጥራቸው ከ800 በላይ ሆኖ፣ ማኅበራቸው በመንግሥቱ ውስጥ ካሉት ከትላልቆቹ አንዱ ነበረ። ለቢራ የሚሆነውን ጌሾ ነገዱ፤ ፋብሪካ አቆሙ፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም የእንጀራ ምንጭ ሆኑ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ልጆቻቸው ከክርስቲያኖቹ ልጆች ጋር አብረው ዘመቱ፤ አብረውም ሞቱ።

ከዚህች ታናሽ ከተማ ወጥተው በዓለም የታወቁ ሰዎች አሉ። ካርል ሌምሌ በ1867 በላውፕሃይም ተወለደ፤ በ1884 ገና የ17 ዓመት ወጣት ሳለ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1912 ዩኒቨርሳል የተባለውን ትልቅ የሲኒማ ኩባንያ ካቋቋሙት ሰዎች ዋነኛው ሆነ። ከበለጸገም በኋላ የተወለደባትን ከተማ አልረሳም፤ ከጦርነቱ በኋላ ለላውፕሃይም ችግረኞች ገንዘብ ይልክ ነበር፤ እርሷም መንገድ በስሙ ሰየመችለት። ፍሪድሪኽ አድለር በ1878 በዚያው ተወልዶ በሃምቡርግ የዕደ ጥበብ መምህር ሆነ። በ1914 የተወለደችው ግሬቴል ቤርግማን ደግሞ በከፍታ ዝላይ ከጀርመን ወጣቶች ሁሉ የተመሰገነች ሆነች።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም፤ ደረጃ በደረጃ ነው። ክፉ ነገር ሁልጊዜ በነጐድጓድ ድምፅ አይመጣምና ይህን ልብ ማለት ይገባል። የሌምሌ ስም ከመንገዱ ላይ ተነሣ፤ ሰውን ከማጥፋት አስቀድሞ ስሙን ማጥፋት ተጀመረ ማለት ነው። አድለር ከመምህርነቱ ተሻረ። ቤርግማን በ1936 በሰኔ ወር 1 ሜትር ከ60 ሳንቲም ዘልላ ከጀርመን ከፍተኛ ውጤት ጋር ብትስተካከልም፣ የበርሊን የኦሊምፒክ ጨዋታ ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ከቡድኑ መውጣቷን የሚነግር ደብዳቤ ደረሳት። በሚከተለው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰደደች። በኖቬምበር 9 ለ10 አጥቢያ 1938 በጀርመን ሁሉ ምኵራቦች ሲቃጠሉ የላውፕሃይምም ምኵራብ ተቃጠለ፤ የአይሁድ ወንዶችም ተይዘው ወደ ዳካው የእስር ሰፈር ተወሰዱ። ሌምሌ በ1939 እስኪሞት ድረስ ከአሜሪካ ሆኖ በመቶ ለሚቈጠሩ ሰዎች የዋስትና ወረቀት እየፈረመ ማምለጫ አበጀላቸው። ሊያመልጡ ያልቻሉት ግን በ1941 እና በ1942 በባቡር ወደ ምሥራቅ ተጋዙ፤ አብዛኞቹም ተገደሉ። በ1942 በነሐሴ ወር የመጨረሻዎቹ ሲወሰዱ ከ200 ዓመት በላይ የኖረው ማኅበር አለቀ። በዚያው ዓመት አድለር ከሃምቡርግ ተወስዶ በአውሽቪትስ ሞተ።

እዚህ ላይ በተለይ ካህናት የሆንን ሰዎች ልናስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የናዚ መንግሥት በ1933 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እየቈየም ሌሎች ብዙ ሰዎች፣ አያቶቻቸው አይሁድ አለመሆናቸውን በወረቀት እንዲያስረዱ ታዘዙ። ያ ወረቀት ከየት ይገኛል? ከቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ነው። በየአጥቢያው ያሉ ቀሳውስት መዝገባቸውን እየገለጡ የምስክር ወረቀት ጻፉ። ሰውን ወደ እግዚአብሔር ቤት ለማስገባት የተጻፈው መዝገብ፣ ሰውን ከሰው ማኅበር ለማስወጣት መሣሪያ ሆነ። ብዙዎቹ ቀሳውስት በጊዜው ክፉ ሥራ እንደ ሠሩ አልተሰማቸውም፤ የተጠየቁትን ጽሑፍ ገልብጠው መስጠታቸው ብቻ ነበርና። ብዕር ያለ ደም ትጽፋለች፤ ነገር ግን የጻፈችው ወዴት እንደሚሄድ ያልጠየቀ ጸሐፊ ንጹሕ ነኝ ለማለት ይቸገራል።

ሌላም ነገር አለ። በ1941 በወጣ ሕግ ከአገር የተጋዘ አይሁዳዊ ንብረት ሁሉ ለመንግሥት ይገባ ነበር። በብዙ ከተሞችም የቤቱ ዕቃ በአደባባይ በጨረታ ተሸጠ። የሚገዛውም ከሩቅ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤት ነው። አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ የበፍታው ጨርቅ፣ የሕፃኑ ወንበር ከአንዱ ቤት ወጥቶ በአጠገቡ ወዳለው ቤት ገባ። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሊወርስ በወረደ ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ በዚያው በወይኑ ቦታ እንዳገኘው እናውቃለን። የናቡቴን ደም ያፈሰሱት ግን ንጉሡና ንግሥቲቱ ብቻ አልነበሩም፤ የጾም አዋጅ ያወጁ ሽማግሌዎች፣ በሐሰት የመሰከሩ ሰዎች፣ ድንጋይ ያነሡ የአገሩ ልጆች ነበሩ። እነዚያ ሁሉ ናቡቴን በስሙ የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ነበሩ።

ጦርነቱ በ1945 ካለቀ በኋላ ዝምታ ሆነ። ያዩት ሊናገሩ አልወደዱም፤ ልጆቹም መጠየቅን ፈሩ። ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ በላውፕሃይምም በሌሎችም ከተሞች ከነዋሪዎቹ መካከል አንዳንድ ሰዎች ፍለጋ ጀመሩ። ሥራቸው የተጀመረው ብዙውን ጊዜ ከመቃብር ነው። በአይሁድ ሥርዐት መቃብር እስከ ትንሣኤ ሙታን ድረስ አይነካም፤ አፅሙ አይነሣም፤ ቦታውም ለሌላ አይሰጥም። ስለዚህ በላውፕሃይም ያለው መቃብር ከ1000 በላይ የሆኑት ሙታኑ በየቦታቸው ሆነው ቈይቷል። ድንጋዮቹ ግን ይፈርሳሉ። አሸዋማ ድንጋይ ዝናምና ውርጭ ሲፈራረቁበት ይላጣል፤ ከርሱም ጋር ፊደሉ ይወርዳል። በየከተማው ይህን ሥራ የያዙት ሰዎች ድንጋዩን አጽድተው፣ ሥዕሉን አንሥተው፣ አንዳንዶቹም የዕብራይስጡን ፊደል እስከ መማር ደርሰው፣ ጽሕፈቱን ሳይጠፋ ገለበጡት። ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ሄዱ፤ ይህ ቤት የማን ነበር? ልጆቹስ ስንት ነበሩ? ወዴት ተወሰዱ? እያሉ ጠየቁ። በአሜሪካና በእስራኤል ለሚኖሩት የተረፉ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ። ቀድሞ ሰውን ለሞት ለመለየት የተገለጠው መዝገብ፣ አሁን የጠፋውን በስሙ ለመጥራት ተገለጠ። መዝገቡ ያው ነው፤ የገለጠው ልብ ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። እነዚህ ሰዎች ይህን ማድረጋቸው ግዴታቸው ነውን? ወይስ እንዲያው በጎ ፈቃድ ብቻ ነው? በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱም የሚናቁ ስላይደሉ አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፤ ዛሬ ያሉት ልጆች ምንም አላደረጉም፤ አብዛኞቹ በዚያ ዘመን አልተወለዱም፤ ስለ አባቶቻቸው ኀጢአት ለምን ይጠየቃሉ? ይህ አነጋገር እውነት አለበት። ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኀጢአት እንደማይሸከም አስተምሮናል፤ ከዚህ ትምህርት መውጣት አንችልም። ደግሞም ሕዝብን በሙሉ በትውልዱ በደለኛ ማለት ራሱ ናዚዎቹ የሠሩት በደል ነው። ይሁን እንጂ በደልና ዕዳ የተለያዩ ናቸው። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ተበድሮ ሳይከፍል ቢሞት፣ ልጁ ሌባ አይባልም፤ ስለ ብድሩም አይወቀስም። ነገር ግን ልጁ የአባቱን መሬትና ከብት ወርሶ፣ ዕዳውን ግን አላውቅም ቢል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ በደሉ የራሱ ይሆናል። የአንዲት ከተማ ሰዎችም እንደዚሁ ናቸው። የተሠራውን መንገድ፣ የቆመውን ቤት፣ የከተማውን ስምና ክብር ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። ከዚያ ሀብት ውስጥ የጠፉት ጎረቤቶች ያቆሙት አለበት። ሀብቱን ተቀብሎ ስማቸውን አለመቀበል አይቻልም። ስለዚህ ኀጢአት አይወረስም፤ የመታሰቢያ ዕዳ ግን ይወረሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ሰላም የሚናገር ነው። የቈየ ቍስል ለምን ይነካካል? ሰዎቹ ሞተዋል፤ ከተማውም ሰላም አግኝቷል፤ ጊዜ ሁሉን ይሽር የለምን? ይላል። እኛ ግን መግሉ ሳይወጣ የተሸፈነ ቍስል አይሽርም እንላለን። የያዕቆብ ልጆች ወንድማቸውን ዮሴፍን ከሸጡት በኋላ ብዙ ዓመት በሰላም የኖሩ መስለው ነበር፤ ስለርሱም ሲጠየቁ አንዱ የለም እያሉ በአጭሩ ይመልሱ ነበር። የተሸጠው ወንድማቸው ሲለምናቸው አለመስማታቸውን ያነሡት፣ ራሳቸው በመከራ በተያዙ ጊዜ ነው። ዕርቅም የተጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። የጠፋው ወንድም ስሙ ሳይነሣ በቤቱ ሰላም አለ ማለት፣ ዝምታን ሰላም ብሎ መጥራት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚረቅቅ ነው። መታሰቢያ ማድረግ ራሱ ትዕቢት ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሐውልት አቁሞ አበባ አኑሮ ራሱን ጻድቅ አደርጋለሁ ይል ይሆናል፤ ሙታኑንም ለራሱ ጌጥ ያደርጋቸዋል። የነቢያትን መቃብር እያነጹ በአባቶቻችን ዘመን ብንሆን ኖሮ አንተባበርም ነበር ያሉት ሰዎች በወንጌል መነቀፋቸውን አንዘነጋም። ለዚህ ተቃውሞ የምንሰጠው መልስ መታሰቢያን መተው ሳይሆን መመርመር ነው። እውነተኛ መታሰቢያ በጠቅላላ አይናገርም፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ ብሎ ይናገራል። እውነተኛ መታሰቢያ ይቅርታን ለራሱ አይሰጥም፤ ይቅር የሚል የተበደለው ነው፤ የተገደለውም በዚህ ዓለም አይናገርም። እውነተኛ መታሰቢያ ለሙታን ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በአጠገቡ የሚናቀውን ሰው እንዲያይ ዓይኑን ይከፍትለታል።

የግሬቴል ቤርግማን ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ዳግመኛ የጀርመንን ምድር አልረግጥም ብላ ለብዙ ዓመታት በቃሏ ጸንታ ኖረች። በ1999 ግን ላውፕሃይም የስፖርት ሜዳዋን በስሟ ስትሰይም፣ የ85 ዓመት አሮጊት ሆና መጣች። ምክንያቷንም ስትናገር፣ የከተማው ወጣቶች ይህን ስም ሰምተው ይህች ሴት ማን ነበረች ብለው ሲጠይቁ፣ ታሪኩ እንዲነገራቸው በማሰብ እንደ ሆነ ገለጠች። የጠየቀችው ክብር አልነበረም፤ ጥያቄ ነው። የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ ሽማግሌ እንዲኖር ፈለገች። በ2017 በ103 ዓመቷ ዐረፈች። በ2000 ደግሞ በከተማዪቱ ግንብ ውስጥ የክርስቲያኖችና የአይሁድ ታሪክ ሙዚየም ተከፈተ። ስሙን ልብ እንበለው፤ የሁለቱን ታሪክ ለየብቻ አላደረገውም። የአይሁድ ታሪክ የእንግዳ ታሪክ ሳይሆን የከተማዪቱ የራሷ ታሪክ ነውና።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ልንናገር ይገባል። በ1938 ምኵራቦች ሲቃጠሉ የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአብዛኛው ዝም አሉ። ነገር ግን ሁሉም ዝም አላለም። በዚያው በቩርተምበርግ፣ ኦበርሌኒንገን በምትባል መንደር፣ ዩሊውስ ፎን ያን የሚባል የወንጌላውያን ቄስ ምኵራቦቹ ከተቃጠሉ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ በንስሓ ቀን ከነቢዩ ኤርምያስ ቃል ተነሥቶ የተደረገውን ግፍ በግልጥ ነቀፈ። ብዙ ቀን ሳይቈይ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ደበደቡት፤ ወደ ወህኒም ገባ። በበርሊን በርንሃርድ ሊኽተንቤርግ የተባለ ካቶሊካዊ ካህን ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስለ አይሁድ በቤተ ክርስቲያን ድምፁን አሰምቶ ይጸልይ ነበር፤ በ1941 ታሰረ፤ በ1943 ወደ ዳካው ሲወሰድ በመንገድ ሞተ። ሁለቱም ሠራዊት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው መንበረ ስብከትና ጸሎት ብቻ ነው። ያ ግን ለእያንዳንዱ ካህን የተሰጠ ነው። አልቻልንም ለሚሉት ሁሉ የነዚህ የሁለቱ ሥራ መልስ ሆኖ ይኖራል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1945 የወንጌላውያን መሪዎች በሽቱትጋርት ተሰብስበው በደላቸውን የሚናዘዙበት ጽሑፍ አወጡ፤ ነገር ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አይሁድ በስማቸው አልተጠሩም። የተበደለው ያልተጠራበት ኑዛዜ ምን ያህል ጎደሎ እንደ ሆነ፣ የንስሓ አባት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ስንጽፍ ዓይናችን ወደ ሩቅ አገር ብቻ እንዲመለከት አንወድም። በአገራችን በጎንደርና በአውራጃዋ ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ማረሻችንን የቀጠቀጡ፣ ምጣዳችንንና እንስራችንን የሠሩ እጆች የነርሱ ናቸው። እኛ ግን የብዙ ዘመን ርስት ነፍገናቸዋል፤ ቡዳ ብለን ሸሽተናቸዋል፤ በእሳታቸው የተሠራውን ብረት ወስደን የሠራውን ሰው ፈርተናል። በ1984 እና በ1985፣ ኋላም በ1991 አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በሱዳን መንገድና ሰፈር የሞቱትም ብዙ ናቸው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ ዛሬ የሚታየው የጸሎት ቤታቸውና መቃብራቸው ነው። የሁለቱን አገር ታሪክ አናመሳስልም፤ በጀርመን የተደረገው ሕዝብን ጨርሶ የማጥፋት ሥራ ነው፤ የኛዎቹ ግን ሲናፍቋት ወደ ኖሩት ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ዕዳችን የቀለለ ሳይሆን ለመክፈል የተመቸ ሆነ። የላውፕሃይም ሰዎች ድንጋይን ለመጠየቅ ተገደዱ፤ እኛ ግን ሕያዋንን መጠየቅ እንችላለን። በየመንደሩ ያሉ ሽማግሌዎች የማን ቤት የት እንደ ነበረ፣ አንጥረኛው ማን እንደ ተባለ፣ ምን ተብሎ እንደ ተሰደበ ገና ያስታውሳሉ። እነርሱ ሳያልፉ የሚጠይቅና የሚጽፍ ካህን ወይም መምህር ቢገኝ፣ የአባቶቹን ዕዳ መክፈል ጀመረ ማለት ነው።

እንግዲህ የጎረቤት መታሰቢያ ዕዳ ነውን ለሚለው ጥያቄ መልሳችን አዎን ዕዳ ነው የሚል ነው። ከበደል የመጣ ባይሆን እንኳ ከጉርብትና የመጣ ዕዳ ነው። በአንድ ጉድጓድ ውሃ የጠጡ፣ በአንድ ገበያ የተገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ በስሙ ሲጠራ የኖሩ ሰዎች በሞት አይለያዩም። አይሁድ መቃብር ሲጐበኙ በድንጋዩ ላይ ትንሽ ጠጠር ያኖራሉ። ጠጠሩ ሙት አያስነሣም፤ ስለ በደሉም ካሣ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ሰው ወደዚህ መጥቶ እንደ ነበረ፣ ስሙንም አንብቦ እንደ ሄደ ይመሰክራል። እግዚአብሔር ማንንም የማይረሳ ሲሆን እኛ ልንረሳው የደፈርነውን ጎረቤት ለማሰብ ልቡናችንን ያንቃልን።